ቁልፉ ትክክል ሆኖ ሰርቨሩ ሲከለክላችሁ፦ የኤስኤስኤች ፋይሎችን ባለቤትነት ደረጃ በደረጃ ማስተካከል

ከሩቅ ሆናችሁ ሰርቨር ውስጥ ለሚያስገባችሁ ኤስኤስኤች አዲስ ቁልፍ ሠራችሁ። ሰርቨሩ ላይ አስቀመጣችሁት። ልትገቡ ስትሉ ግን አሁንም ፓስዎርድ ይጠይቃችኋል፤ ወይም «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብሎ ይመልሳችኋል። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ቁልፉን ያጠፋና ሌላ ይሠራል። ሁለተኛውም ያው ይሆናል። እዚህ ባህር ዳር ከፖሊ ተማሪዎችም፣ ሎጅና አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር ከሚይዙ ልጆችም ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይኸው ነው።

ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው ፋይሉ የማን እንደሆነና ማን ሊጽፍበት እንደሚችል ላይ ነው። ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የሚሮጠው ወደ ፈቃድ ቁጥሮቹ ነው፤ 700፣ 600 እያለ። ባለቤቱን ሳያዩ ቁጥሩን መቀየር ግን ከነጭራሹ በር ያስዘጋል። እንዴት እንደሆነ ከታች በምሳሌ ታዩታላችሁ።

ምሳሌያችን አንድ የጣና ዳር ሎጅ የክፍልና የጀልባ ማስያዣ ገጹን ያስቀመጠበት የኡቡንቱ ሰርቨር ነው እንበል። የዩዘሩ ስም «ጣና» ነው፤ በራሳችሁ ስም ተኩት። አልማ ወይም ሮኪ ሊኑክስ የምትጠቀሙ ልዩነቱን በየቦታው አሳያችኋለሁ።

ትዕዛዞቹ እንዴት ይነበባሉ?

ትዕዛዞቹን የጻፍኳቸው እንደምንጠራቸው ነው። ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው፤ «ትልቁ» ካልኩ ብቻ ትልቁን ፊደል ተጠቀሙ። ሲኤችኦውን ባለቤት ይቀይራል። ሲኤችሞድ ፈቃድ ይቀይራል። ሩት የሰርቨሩ ሁሉን ማድረግ የሚችል አካውንት ነው፤ ሱዱ ትዕዛዙን በሩት መብት ያስኬዳል። ሆም የዩዘሩ የራሱ ፎልደር ነው። «.ኤስኤስኤች» ላይ ያለችው ነጥብ የስሙ አካል ናት፤ እንዳትረሷት።

## ከመጀመራችሁ በፊት

1. ሁለት ተርሚናል ክፈቱ። በአንደኛው ሰርቨሩ ውስጥ ግቡና እንደተከፈተ ተዉት። ሥራው አልቆ በሌላኛው በቁልፍ እስክትገቡ ድረስ አትዝጉት። የተከፈተ መስመር ፈቃድ ስለተቀየረ አይቋረጥም። ስትሳሳቱ የምትመለሱበት መንገድ እሱ ነው።

2. የኮንሶሉን በር ሞክሩ። ሰርቨሩን ያከራያችሁ ድርጅት በብራውዘር የሚከፈት ኮንሶል ካለው አሁኑኑ ግቡበት። የሩት ወይም የሱዱ ፓስዎርዳችሁ እዚያ ላይ እንደሚሠራ አረጋግጡ። ብዙ ሰው ፓስዎርዱን የማያውቀው መሆኑን የሚያውቀው ከተዘጋበት በኋላ ነው።

3. መብራትን አስቡ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል፤ ክፍት የተዋችሁት ተርሚናልም ይሄዳል። ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጉ፣ የስልክ ዳታ ሙሉ። ክረምት ላይ ከሆነና ደመናው ከሐይቁ በኩል ከጠቆረ ሥራውን ለሌላ ሰዓት አቆዩት። «ቲመክስ ከፍቻለሁ» ብላችሁ አትዘናጉ። ቲመክስ ሥራችሁን ሰርቨሩ ላይ ያቆይላችኋል እንጂ ዳግመኛ ለመግባት ያው በሩን ማለፍ አለባችሁ።

4. ያለውን ሁኔታ መዝግቡ። ይህን እርምጃ ሁሉም ይዘለዋል፤ እናንተ አትዝለሉት።

ሱዱ ጌትፋክል -አር -ፒ /ሆም/ጣና > ጣና-ቀድሞ

እዚህ «አር» ትልቁ ነው፤ «ፒ» ትንሹ። ትዕዛዙ የሆም ፎልደሩን ባለቤት፣ ግሩፕና ፈቃድ በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይጽፋል። ነገሩ ከተበላሸ ወደ ነበረበት የምትመልሱት እንዲህ ነው፦

ሱዱ ሴትፋክል --ሪስቶር=ጣና-ቀድሞ

በሱዱ ስለሆነ ባለቤቱንም ጭምር ይመልሳል። ትዕዛዙ «አላውቀውም» ካለ «ኤሲኤል» የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ።

## ሰርቨሩ የሚያየው ምንድን ነው?

ኤስኤስኤች ቁልፋችሁን ከመቀበሉ በፊት ሦስት ነገር ይመረምራል፦ የቁልፎቹን ዝርዝር የያዘውን «ኦቶራይዝድ_ኪስ» ፋይል፣ ፋይሉ ያለበትን «.ኤስኤስኤች» ፎልደር፣ እና የሆም ፎልደሩን። በእያንዳንዳቸው ላይ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። ባለቤቱ ራሱ ዩዘሩ ነው ወይስ ሩት? ከባለቤቱ ሌላ ግሩፑ ወይም ማንኛውም ሰው ሊጽፍበት ይችላል? የመጀመሪያው ላይ ሌላ ሰው ከተገኘ ይከለክላል። ሁለተኛው ላይ «አዎ» ከሆነም ይከለክላል። ቁልፉ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ዋጋ የለውም።

ሆም ፎልደሩ ምን አገባው የሚል ብዙ ነው። አንድ ሰው ሆም ፎልደራችሁ ላይ መጻፍ ከቻለ «.ኤስኤስኤች»ን ሌላ ስም ሰጥቶ የራሱን ፎልደር በቦታው ሊያስቀምጥ ይችላል። ከዚያ በራሱ ቁልፍ በእናንተ ስም ይገባል። ስለዚህ የውስጡን ፋይል ብቻ ቆልፎ ሆሙን ክፍት መተው ምንም አያስጥልም።

## ደረጃ 1፦ ምንም ሳትነኩ እዩ

ይህን ጻፉ፦

ሱዱ ስታት -ሲ '%ኤ %ዩ %ጂ %ኤን' /ሆም/ጣና /ሆም/ጣና/.ኤስኤስኤች /ሆም/ጣና/.ኤስኤስኤች/ኦቶራይዝድ_ኪስ

«ዩ» እና «ጂ» ትልልቆቹ ናቸው። በየመስመሩ ፈቃዱን በቁጥር፣ ባለቤቱን፣ ግሩፑንና ስሙን ያሳያችኋል። የሎጁ ሰርቨር እንዲህ መለሰ እንበል፦

775 ጣና ደብሊውደብሊውደብሊው-ዳታ /ሆም/ጣና
755 ሩት ሩት /ሆም/ጣና/.ኤስኤስኤች
644 ሩት ሩት /ሆም/ጣና/.ኤስኤስኤች/ኦቶራይዝድ_ኪስ

እነዚህን ሦስት መስመሮች ረጋ ብላችሁ አንብቧቸው። ቁጥሩ ሦስት አሃዝ አለው፤ የባለቤቱ፣ የግሩፑ፣ የሌላው ሰው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ፎልደር ላይ «ማስኬድ» ማለት ወደ ውስጥ መግባት ነው። 7 ማለት ሦስቱም አለ ማለት ነው። 6 ማንበብና መጻፍ። 5 ማንበብና መግባት።

አንደኛው መስመር ላይ ግሩፑ 7 ነው። ግሩፑ ደግሞ የዌብ ሰርቨሩ ነው። አንድ ሰው ዌብሳይቱ ፎቶ መጫን እንዲችል ብሎ ሆም ፎልደሩን በሙሉ ከፍቶታል። ኤስኤስኤች የሚከለክለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው የሩት ናቸው። ይህ የሚሆነው ፎልደሩ የተፈጠረው በሱዱ ሲሆን ነው። ልብ በሉ፤ ኤስኤስኤች በእነዚህ አይከለክልም። ሩት የተፈቀደ ባለቤት ነው፤ 755 እና 644 ደግሞ ለማንበብ ክፍት ናቸው።

ወጥመዱ ያለው እዚህ ነው። አንዱ መጥቶ «ቁልፍ ያለበት ፎልደር 700፣ ፋይሉ 600 መሆን አለበት» ብሎ ቁጥሩን ብቻ ይቀይራል። ኤስኤስኤች ግን ዝርዝሩን የሚያነበው በዩዘሩ መብት ነው። አሁን ፎልደሩ የሩት ነው፤ ከሩት በቀር ማንም አይገባበትም። ዩዘሩ ጣና የራሱን ቁልፎች ማንበብ አቃተው። ሲገባ የነበረውም ከዚህ በኋላ አይገባም። ለዚህ ነው ባለቤትነት ቀድሞ፣ ፈቃድ ተከትሎ የሚስተካከለው።

መጨረሻ ላይ መድረስ ያለባችሁ እዚህ ነው፦

- ሆም ፎልደር፦ ባለቤት ጣና፤ 755፣ 750 ወይም 700
- .ኤስኤስኤች፦ ባለቤት ጣና፤ 700
- ኦቶራይዝድ_ኪስ፦ ባለቤት ጣና፤ 600
- ኮንፊግ የሚባል ፋይል ካለ፦ ባለቤት ጣና፤ 600
- ፕራይቬት ኪ (የቁልፉ ምስጢራዊ ክፍል) ካለ፦ ባለቤት ጣና፤ 600
- ፐብሊክ ኪ (ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው ግልጽ ክፍል)፦ 644 ቢሆን ችግር የለውም

ፕራይቬት ኪ ሰርቨሩ ላይ ካገኛችሁ ግን ለምን እንዳለ ጠይቁ። ቦታው የእናንተ ላፕቶፕ ነው።

## ደረጃ 2፦ ባለቤቱን አስተካክሉ

ከላይ ወደ ታች ውረዱ። መጀመሪያ ሆሙ፦

ሱዱ ሲኤችኦውን ጣና: /ሆም/ጣና

ከስሙ በኋላ ያለችው ሁለት ነጥብ ግሩፑንም ወደ ዩዘሩ ዋና ግሩፕ ትመልሳለች። በውስጡ ያለውን ሁሉ አብሮ የሚቀይረው «-አር» እዚህ የለም። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ሆም ውስጥ ዌብሳይቱ ካለ የአንዳንዱ ፎልደር ባለቤት ዌብ ሰርቨሩ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ጣና ከቀየራችሁ ማስያዣ ገጹ ፎቶ መቀበል ያቆማል። ሆሙን ብቻ ስታስተካክሉም ዌብ ሰርቨሩ ወደ ዌብሳይቱ ፎልደር ለመግባት ሆሙ ላይ የመግባት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አስታውሱ፤ ለዚህ ሆሙ 755 ቢሆን ይበቃል፤ የመጻፍ ፈቃድ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የቁልፍ ፎልደሩ። ከመቀየራችሁ በፊት በውስጡ ወደ ሌላ ቦታ የሚያመለክት ሊንክ አለመኖሩን እዩ፦

ሱዱ ኤልኤስ -ኤልኤ /ሆም/ጣና/.ኤስኤስኤች

ከስሙ ቀጥሎ ቀስት የሚታይ ፋይል ካለ ቁሙ። ክፉ ያሰበ ዩዘር «ኦቶራይዝድ_ኪስ»ን የሰርቨሩ ፓስዎርዶች ወዳሉበት ፋይል የሚያመለክት ሊንክ ሊያደርገው ይችላል። እናንተ በሱዱ፣ ያለ «-አር»፣ የፋይሉን ባለቤት ስትቀይሩ የሚቀየረው ሊንኩ ሳይሆን ወዲያ ማዶ ያለው ፋይል ነው። ቀስት ከሌለ ቀጥሉ፦

ሱዱ ሲኤችኦውን -አር ጣና: /ሆም/ጣና/.ኤስኤስኤች

«አር» ትልቁ ነው። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ ከሰረዟ «/» በኋላ ባዶ ቦታ እንዳይገባ። «/ ሆም/ጣና» ብላችሁ ከጻፋችሁ ትዕዛዙ የሰርቨሩን ፋይል በሙሉ ለጣና ይሰጣል። ከዚያ ሱዱ ራሱ አይሠራም። ሰርቨሩን እንደ አዲስ መትከል ነው የሚሻለው።

ሁለተኛ፣ ነጥብ የሚጀምሩ ፋይሎችን በሙሉ ለመያዝ «.*» አትጠቀሙ። ብዙ ሰርቨሮች ላይ ይህ «..» የሚለውንም ይይዛል፤ «..» ደግሞ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ነው። የጣናን ፋይል አስተካክላለሁ ብላችሁ ሆም ውስጥ ያሉትን ዩዘሮች በሙሉ ትነካላችሁ። ሁልጊዜ ሙሉውን አድራሻ ጻፉ።

## ደረጃ 3፦ ፈቃዱን አስተካክሉ

ሱዱ ሲኤችሞድ ጂኦ-ደብሊው /ሆም/ጣና
ሱዱ ሲኤችሞድ 700 /ሆም/ጣና/.ኤስኤስኤች
ሱዱ ሲኤችሞድ 600 /ሆም/ጣና/.ኤስኤስኤች/ኦቶራይዝድ_ኪስ

የመጀመሪያው መስመር ሆሙ ላይ የግሩፑንና የሌላውን ሰው የመጻፍ ፈቃድ ብቻ ይነሳል። ሌላውን አይነካም። ከቁጥር ይልቅ ይህን የመረጥኩት 700 የነበረን ሆም ሳታስቡት 755 አድርጋችሁ እንዳትከፍቱት ነው።

ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ግሩፑ የዩዘሩ ብቻ ከሆነና ሌላ አባል ከሌለው የግሩፕ መጻፍ ይታለፋል። አልማና ሮኪ ላይ ግን አይታለፍም። «እዚያኛው ሰርቨር ላይ 775 ሆኖ ይሠራል እኮ» የሚሉ ሰዎች ግራ የሚጋቡት በዚህ ነው። በዚህ አትመኩ፤ የግሩፑን መጻፍ አንሱት።

«ሲኤችሞድ -አር 600» ብላችሁ ፎልደሩን በጅምላ አትምቱት። ፎልደር 600 ከሆነ መግቢያው ይጠፋል፤ ባለቤቱ ራሱ ወደ ውስጥ መግባት አይችልም። ከሆነባችሁ ፎልደሩን ብቻ ወደ 700 መልሱት፤ ፋይሎቹ 600 መሆናቸው ደኅና ነው።

777 ደግሞ መፍትሔ ሆኖ አያውቅም። «ሁሉንም ከፈትኩት፣ አሁንም እምቢ አለ» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ ያሳዝናል፤ እምቢ ያለው ስለተከፈተ ነውና።

ገና ከዜሮ የምትጀምሩ ከሆነ ይህን ሁሉ ማለፍ ትችላላችሁ። ፓስዎርድ የሚሠራ ከሆነ ከላፕቶፓችሁ «ኤስኤስኤች-ኮፒ-አይዲ» ተጠቀሙ፤ ፎልደሩን በትክክለኛው ባለቤትና ፈቃድ ይፈጥራል። ሩት ሆናችሁ ለሌላ ሰው የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ በአንድ መስመር ይፈጠራል፦

ሱዱ ኢንስቶል -ዲ -ኤም 700 -ኦ ጣና -ጂ ጣና /ሆም/ጣና/.ኤስኤስኤች

## ደረጃ 4፦ የፋይሉን ውስጥ ፈትሹ

ሱዱ ኤስኤስኤች-ኪጅን -ኤል -ኤፍ /ሆም/ጣና/.ኤስኤስኤች/ኦቶራይዝድ_ኪስ

ይህ በፋይሉ ውስጥ ያለውን የእያንዳንዱን ቁልፍ አሻራ (ቁልፉን የሚለይ አጭር ምልክት) ያወጣል። ያንኑ ትዕዛዝ ላፕቶፓችሁ ላይ በፐብሊክ ኪው ላይ ስጡ። አሻራዎቹ አንድ መሆን አለባቸው። ትዕዛዙ ፋይሉ ቁልፍ እንዳልሆነ ከነገራችሁ ወይም የእናንተን አሻራ ካላወጣ ቁልፉ ሲለጠፍ ተሰባብሯል። በቴሌግራም ተልኮ የተለጠፈ ቁልፍ መሀሉ ላይ መስመር ሊሰበር ይችላል። አንድ ቁልፍ አንድ መስመር ነው፤ ምንም ቢረዝም።

የፋይሉንም ስም እዩ። «ኦቶራይዝድ» በ«ዜድ» ነው የሚጻፈው፤ በ«ኤስ» አይደለም። ከዊንዶውስ የመጣ ከሆነ ጫፉ ላይ የተደበቀ «.ቲኤክስቲ» ሊኖር ይችላል።

## ደረጃ 5፦ በሁለተኛው ተርሚናል ሞክሩ

ኤስኤስኤች -ቪ ጣና@የሰርቨሩ-አድራሻ

የመጀመሪያውን ተርሚናል አልዘጋችሁትም አይደል? የሰርቨሩን ፓስዎርድ ሳይጠይቅ ካስገባችሁ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ። የቁልፉን የራሱን ይለፍ ቃል ከጠየቀ ግን ያ ጤነኛ ነው፤ የሰርቨሩ ፓስዎርድ አይደለም።

## ደረጃ 6፦ እምቢ ካለ

ግምት ይቁም፤ ሎግ ይነበብ። በመጀመሪያው ተርሚናል፦

ሱዱ ጆርናልሲቲኤል -ዩ ኤስኤስኤች -ኤፍ

አልማና ሮኪ ላይ ስሙ «ኤስኤስኤችዲ» ነው። ይህን ከፍታችሁ በሁለተኛው ተርሚናል እንደገና ሞክሩ።

«ባድ ኦውነርሺፕ ኦር ሞድስ» ካለ። ከኋላው የፎልደሩን ወይም የፋይሉን አድራሻ ይጽፋል። ሰርቨሩ በጣቱ ጠቆመላችሁ ማለት ነው። እሱን ብቻ አስተካክሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠቁመው «.ኤስኤስኤች»ን ሳይሆን ሆሙን ነው።

ግሩፑ መጻፍ ባይፈቀድለትም ቁጥሩ እንደሚጽፍ ካሳየ። «ኤልኤስ -ኤልዲ» ስትሉ ከፈቃዱ ጫፍ ላይ «+» ካለ ተጨማሪ የፈቃድ ዝርዝር አለ። ለባክአፕ ፕሮግራም ወይም ለሌላ ሠራተኛ ተብሎ የተሰጠ ይሆናል። በጌትፋክል እዩት። የማያስፈልግ ከሆነ አንሱት፦

ሱዱ ሴትፋክል -ቢ /ሆም/ጣና

በስም ቦታ ቁጥር ወይም «አንኖውን» ከመጣ። ፋይሎቹ ከድሮ ሰርቨር የመጡ ናቸው። ሊኑክስ ባለቤትን የሚይዘው በቁጥር ነው፤ በስም አይደለም። እዚያ ጣና 1001 ከነበረ፣ እዚህ ደግሞ 1000 ከሆነ ፋይሉ ባለቤት አልባ ይሆናል። ከዚህ የሚከፋው 1001 እዚህ የሌላ ሰው ቁጥር ከሆነ ነው፤ ያ ሰው የጣና ፋይሎች ባለቤት ሆነ ማለት ነው። «አይዲ ጣና» ብላችሁ ቁጥሩን እዩ። ከዚያ የድሮውን ቁጥር የያዙትን ብቻ ለቅማችሁ ቀይሩ፦

ሱዱ ፋይንድ /ሆም/ጣና -ዩአይዲ 1001 -ኤግዜክ ሲኤችኦውን -ኤች ጣና: {} +

ሎጉ ምንም ካላለ። ይህ በጣም የሚያደክመው ነው። ፎልደሩ የሩት ሆኖ 700 ከሆነ ዩዘሩ ማንበብ አለመቻሉ በተለመደው የሎግ ደረጃ ላይታይ ይችላል። ራሳችሁ ሞክሩት፦

ሱዱ -ዩ ጣና ካት /ሆም/ጣና/.ኤስኤስኤች/ኦቶራይዝድ_ኪስ

ቁልፎቹን ካሳያችሁ ባለቤትነቱ አልቋል። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ «ሱዱ ኔምአይ -ኤል» ብላችሁ ሙሉውን አድራሻ ስጡት፤ ከ«/» ጀምሮ በየደረጃው ባለቤቱንና ፈቃዱን ስለሚያሳይ የተዘጋው የት እንደሆነ ይታያል።

ማንበብ ከቻለና አሁንም እምቢ ካለ ሰርቨሩ የሚፈልገው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። «ሱዱ ኤስኤስኤችዲ -ቲ» በትልቁ ቲ ብላችሁ «ኦቶራይዝድኪስፋይል» የሚለውን መስመር እዩ። አልማና ሮኪ ላይ ደግሞ ኤስኢሊኑክስን (ከፈቃዱ ሌላ ያለውን ተጨማሪ የጥበቃ ሥርዓት) አትርሱ፤ ፎልደሩ ከሌላ ቦታ ተጎትቶ ከመጣ መለያው ልክ አይሆንም፦

ሱዱ ሪስቶርኮን -አርቪ /ሆም/ጣና/.ኤስኤስኤች

«አር» ትልቁ፣ «ቪ» ትንሹ።

ኢንተርኔት ላይ «ስትሪክትሞድስ ኖ» አድርጉ የሚል ምክር ካያችሁ። አታድርጉ። ምርመራውን ያጠፋል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም። ዌብሳይቱ በተጠለፈ ቀን ጠላፊው ሆሙ ላይ መጻፍ ከቻለ የራሱን ቁልፍ ያስገባል።

ችግሩ ላፕቶፓችሁ ላይ ከሆነ። «አንፕሮቴክትድ ፕራይቬት ኪ ፋይል» የሚል በ«@» ምልክት የታጠረ ማስጠንቀቂያ የሚመጣው ከሰርቨሩ ሳይሆን ከራሳችሁ ማሽን ነው። ፕራይቬት ኪው ለሌላ ሰው ክፍት ሆኗል፤ 600 አድርጉት። ፍላሽ ላይ ከሆነ ሲኤችሞድ አይሠራም፤ ብዙ ፍላሽ የተፎረመተበት ፋይል ሲስተም ባለቤት የሚባል ነገር አያውቅም። ዊንዶውስ ውስጥ በደብሊውኤስኤል የምትጠቀሙም ቁልፉን ከሲ ድራይቭ አውጥታችሁ ወደ ሊኑክሱ ሆም ውሰዱት። ዊንዶውስ ራሱ ላይ ከሆነ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሴኪዩሪቲ»፣ «አድቫንስድ»፤ ከዚያ «ዲሴብል ኢንሄሪታንስ» ብላችሁ ከራሳችሁ ስም በቀር ሌሎቹን አንሱ። ቢሮ ውስጥ አንዱን የዊንዶውስ አካውንት ሁሉም ሠራተኛ የሚጠቀምበት ከሆነ ይህም አያድንም፤ ለየሰው አካውንት ክፈቱ፣ ቁልፉንም በይለፍ ቃል ቆልፉት፦

ኤስኤስኤች-ኪጅን -ፒ -ኤፍ የቁልፉ-ፋይል

ፕራይቬት ኪ በቴሌግራም አይላክም፤ ለታላቅ ወንድምም ቢሆን። ከተላከ እንደወጣ ቁጠሩት። አዲስ ሥሩ፣ የድሮውን መስመር ከሰርቨሩ አጥፉ።

## ደረጃ 7፦ የሰርቨሩን የራሱን ቁልፎች እዩ

ሱዱ ኤልኤስ -ኤል /ኢቲሲ/ኤስኤስኤች

ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይባቸው ፕራይቬት ኪዎች እዚህ አሉ። ባለቤታቸው ሩት፣ ፈቃዳቸው 600 መሆን አለበት። የድሮ የሮኪና የአልማ ሰርቨር ላይ 640 ሆነው ግሩፓቸው «ኤስኤስኤች_ኪስ» ከሆነ ያ ትክክል ነው፤ አትንኩት። አንድ ሰው «ኢቲሲ»ን በጅምላ 755 ካደረገው ክፍት ያለው መስመራችሁ ላይ ምንም አይታይም። አዲስ ለመግባት ሲሞከር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ሰርቨሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ግን ኤስኤስኤች ቁልፎቹን አይቀበልም፤ ማንም አይገባም። ስለዚህ ከማንኛውም ሪስታርት በፊት፦

ሱዱ ኤስኤስኤችዲ -ቲ

እዚህ ቲ ትንሹ ነው። ዝም ካለ ሰላም ነው። ከተናገረ የተናገረውን ሳታስተካክሉ ሪስታርት አታድርጉ።

## ደረጃ 8፦ ፓስዎርዱን መዝጋት

በቁልፍ መግባታችሁን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ። ዋናው ኮንፊግ «/ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኤስኤስኤችዲ_ኮንፊግ» ውስጥ «ፓስዎርድኦተንቲኬሽን ኖ» አድርጉ፣ በትንሹ ቲ ፈትሹ፣ ሪሎድ አድርጉ። ኡቡንቱ ላይ «ኤስኤስኤችዲ_ኮንፊግ.ዲ» ፎልደር ውስጥ ያሉ ፋይሎች ቀድመው ይነበባሉ፤ ቀድሞ የተነበበው ደግሞ ይጸናል። ኪራይ ሰርቨሮች ላይ እዚያ ውስጥ «የስ» የሚል ፋይል ተደብቆ ዋናው ላይ የጻፋችሁትን ከንቱ ያደርገዋል። በትልቁ ቲ የመጨረሻውን ውጤት እዩ።

## ደረጃ 9፦ ብዙ ሰው የሚገባበት ሰርቨር

አንዱን አካውንት ለሦስትና ለአራት ሰው አታካፍሉ። ለየሰው ዩዘር ክፈቱ። ከዚህም አልፎ ሠራተኛው ራሱ ቁልፍ እንዳይጨምር ከፈለጋችሁ ዝርዝሩን ከሆም አውጡትና ለሩት ስጡት። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፦

1. «/ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኪስ» የሚል ፎልደር ፍጠሩ፤ ባለቤት ሩት፣ 755።
2. የየዩዘሩን ዝርዝር በዩዘሩ ስም እዚያ ቅዱ፤ ባለቤት ሩት፣ 644። 600 እንዳታደርጉት። ኤስኤስኤች የሚያነበው በዩዘሩ መብት ስለሆነ ለማንበብ ክፍት መሆን አለበት። የተጻፈው ፐብሊክ ኪ ስለሆነ ቢነበብ ምስጢር አይወጣም።
3. «ኦቶራይዝድኪስፋይል /ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኪስ/%ዩ» ብላችሁ ኮንፊጉ ላይ ጻፉ። «ዩ» ትንሹ ነው።
4. ፈትሹ፣ ሪሎድ አድርጉ፣ ከሌላ ተርሚናል በየዩዘሩ ግቡ።
5. ሁሉም ከገባ በኋላ ሆም ውስጥ ያሉትን የድሮ ዝርዝሮች አጥፉ።

አንድ ሠራተኛ ሲለቅ የእሱን የቁልፍ መስመር ከዝርዝሩ ወዲያውኑ አጥፉ። መስመሩን ማጥፋት ግን አሁን ገብቶ ያለን ሰው አያስወጣም። «ሁ» ብላችሁ ማን እንዳለ እዩ። «ዘጌ» የሚባለው ዩዘር ለቆ አሁንም መስመር ላይ ከሆነ፦

ሱዱ ሎጊንሲቲኤል ተርሚኔት-ዩዘር ዘጌ

ከዚያ «ሱዱ ክሮንታብ -ዩ ዘጌ -ኤል» ብላችሁ በስሙ በሰዓት የሚነሳ ሥራ መኖሩን እዩ። የሎጁ ባክአፕ በእሱ ስም የሚሄድ ከሆነ አካውንቱን ከማጥፋታችሁ በፊት ወደ ሌላ ዩዘር አዛውሩት፤ የባክአፕ ፋይሎቹንም ባለቤት አብራችሁ ቀይሩ።